የተማረ ሰው ዐስብ፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና የአሰበ ተፈሪ ከተማ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የቅዱሳንን ገድል በየበዓላቱ ስታነብ፣ የነገሥታትንና የመኳንንትንም ዜና በብራና ስታቆይ ኖራለች። ይህም የሆነበት ምክንያት ሰሚው የራሱን ኑሮ ባለፉት አባቶች ኑሮ እንዲመዝን ነው። ቅዱሳን ተብለው ያልተጠሩ፣ ነገር ግን በምድራዊ ሥራ የደከሙ ሰዎችም ሕይወታቸው በማስተዋል ሲታይ ለምእመናን የሚሆን ትምህርት አይታጣበትም። ስለዚህ ዛሬ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወትና በጨርጨር አውራጃ ባቋቋሟት ከተማ ላይ ጥቂት ልንጽፍ አሰብን። ይህንንም የምናደርገው በእሳቸው ኑሮ ውስጥ ዛሬም በየደብሩና በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ልጃችን ወደ ባዕድ አገር ሄዶ የሌላውን ሕዝብ ጥበብ ተምሮ ሲመለስ፣ ትምህርቱ የማን ገንዘብ ነው? የድካሙስ ዋጋ በምን ይታወቃል?

አስቀድመን ስለ ከተማዋ እንናገር። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ፣ የሚኤሶን ቆላ አልፎ ወደ ጨርጨር ተራሮች ሲወጣ፣ በስተ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ አሰበ ተፈሪን ያገኛል። ከተማዋ ዛሬ በቀድሞው የስፍራው ስም ጭሮ ተብላ ትጠራለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራሮች መካከል የተቀመጠች ስለ ሆነች አየሯ ለጤና የተስማማ ነው። በቆላው ወገን የደብረ ወገግ አሰቦት ገዳም አለ፤ የአቡነ ሳሙኤል ጸሎትና ተጋድሎ የታየበት ጥንታዊ ቦታ ነው። በምሥራቅ በኩል መንገዱ በሂርና አድርጎ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይወስዳል። ስለዚህ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የሚከበረው በዓል ሲደርስ፣ በእግሩም በመኪናም የሚጓዘው ተሳላሚ በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል።

አሰበ ተፈሪ የሚለውን ስም ብዙ ሰው በአማርኛ ጆሮው ሲሰማው ማሰብን የሚያመለክት ይመስለዋል። በግእዝ ግን ዐስብ ማለት የሠራተኛ ዋጋ፣ ደመወዝ፣ የድካም ፍሬ ማለት ነው። በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል ስለ ወይን ቦታ ሠራተኞች በተነገረው ምሳሌ፣ ማታ ለሠራተኞቹ የተከፈለው ዋጋ በግእዙ በዚህ ቃል ይጠራል። እንግዲህ የከተማዋ ስም የተፈሪ ዋጋ፣ ለተፈሪ የተከፈለ ዐስብ እንደ ማለት ነው። የመሥራችዋን ሕይወት መርምሮ ለሚያይ ሰው ይህ ስም ትልቅ ምሥጢር አለው።

ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር ሄደው በልዑል ራስ መኰንን ቤት አደጉ። የራስ መኰንን ቤት በዚያን ጊዜ የአስተዳደርም የትምህርትም ቤት ነበረ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው መልእክተኛና ነጋዴ ሁሉ በሐረር በኩል ስለሚያልፍ፣ በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ዓይኑ ለዓለም ቶሎ ይገለጥ ነበር። የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ራስ መኰንን የሐረርን ሠራዊት ይዘው ወደ ሰሜን ሲዘምቱ ተክለ ሐዋርያትም አብረው ሄዱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነውን ድል በዐሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ በዓይናቸው አዩ። ያ ትውልድ ከድሉ በኋላ አንድ ነገር አስተዋለ። እግዚአብሔር ድሉን ሰጥቷል፤ ነገር ግን የጠላት መድፍ በእኛ እጅ አልተሠራም፤ እሱን የሚያውቅ ልጅም አልነበረንም። ዕውቀቱ ካልተገኘ ሌላ ቀን ሌላ ጦር መምጣቱ አይቀርም።

በዚህ ጊዜ የሩሲያ መንግሥትና የእኛ መንግሥት መላላክ ጀምረው ነበር። በ1887 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ የተላከው መልእክት ሴንት ፒተርስበርግ ሲደርስ ከመልእክተኞቹ ጋር የሐረር ካህን ነበሩበት። ከዐድዋ በኋላም የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞችን ለማከም መጡ። ሌዎንቲየፍ የተባለው ሩሲያዊ መኰንን ወደ አገሩ ሲመለስ ራስ መኰንን ልጃቸውን እንደሚልኩ አድርገው ተክለ ሐዋርያትን አስረክበው ላኩ። ልጁም ከዘመድ፣ ከቋንቋና ከባህል ተለይተው በበረዶ አገር በሩሲያ ቤተ ሰብ መካከል አደጉ።

አንባቢ ያን አገር በሐሳቡ እንዲመለከተው ስለ አኗኗሩ ጥቂት እንበል። በእኛ አገር ከተማ ብዙውን ጊዜ የሚቆረቆረው በአምባ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያንና በሹም ግቢ ዙሪያ ነው፤ ወንዛችን ገደል እየሰበረ ስለሚወርድ መንገድ አይሆነንም። በሩሲያ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ የወንዝ ልጅ ነው። በቮልጋ ዳር ያሉት እነ ያሮስላቭልና ኒዥኒ ኖቭጎሮድ በበጋ እህልና ጨው፣ እንጨትና ዓሣ በጀልባ ሲመላለስባቸው ይኖራሉ፤ በክረምት ደግሞ ወንዙ እንደ ድንጋይ ስለሚረጋ በላዩ በፈረስ ጋሪ ይሄዱበታል። የአብያተ ክርስቲያናቱ ጕልላት ከሩቅ ለመርከበኛው ምልክት ይሆናል። በጥምቀት በዓል የወንዙን በረዶ ሰብረው ውኃውን ይባርካሉ፤ በዓላቸውም በቀድሞው አቆጣጠር ስለሚከበር ከእኛ ጥር 11 ጋር ይገናኛል። ሴንት ፒተርስበርግ ራስዋ በኔቫ ወንዝ አፍ፣ ረግረግ በነበረ ምድር ላይ በታላቁ ጴጥሮስ ትእዛዝ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1703 ዓ.ም. የተመሠረተች ናት። ከምንም ተነሥታ በአንድ ሰው ዕቅድ የተሠራች ከተማ ናት፤ በሥራውም ብዙ ሺህ ድኻ አልቆባታል።

ሩሲያውያን ኦርቶዶክስ ቢባሉም፣ ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በነገረ ሥጋዌ ከእኛ ጋር የተለያየን መሆናችን የታወቀ ነው። ሆኖም ልጁ የገቡበት ኅብረተ ሰብ ጾምና በዓል፣ ሥዕልና ማዕጠንት የሚያውቅ ነበረ። ደግሞም ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። በዚያው ዘመን በዚያችው ከተማ ግእዝ የሚያውቁ ሊቃውንት ነበሩ። በመንፈሳዊ አካዳሚው ያስተምር የነበረው ቦሎቶፍ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ጽፎ ነበር፤ ቱራየፍ የተባለው ሊቅም የቅዱሳኖቻችንን ገድላት እየመረመረ ያሳትም ነበር። የእኛ ልጅ የእነሱን መድፍ ለማወቅ ሲደክሙ፣ እነሱ የእኛን ብራና ለማወቅ ይደክሙ ነበር። ይህን ስናስብ፣ በእጃችን ያለውን ሀብት ከእኛ ይልቅ የሩቅ ሰው እንዳይጠነቀቅለት ልናፍር ይገባናል።

ተክለ ሐዋርያት በሚካኤሎፍ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብተው የጦር ትምህርት ተማሩ። በሩሲያ የቆዩበት ጊዜ ከዐሥር ዓመት ይበልጣል። በ1896 እና በ1897 ዓ.ም. ሩሲያ ከጃፓን ጋር ተዋግታ ድል ስትሆን፣ ቀጥሎም የራስዋ ሕዝብ ሲነሣባት ዓለም አየ። ያች በምሥራቅ ያለች ደሴት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ራስዋን አስተምራ ታላቁን መንግሥት ማሸነፍዋ በዚያ ዘመን የነበሩትን የኢትዮጵያ ምሁራን እጅግ አስደነቃቸው። ተክለ ሐዋርያትም ከእነዚህ አንዱ ነበሩ፤ ፍሬውም ከብዙ ዓመት በኋላ ታየ።

እሳቸው በባዕድ አገር ሳሉ በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ዐረፉ። ልብ በሉ፤ የላካቸው፣ ተምረው ሲመለሱ የሚቀበላቸው ጌታ አልቆያቸውም። ወደ አገራቸው ሲመጡ ዐፄ ምኒልክ በደዌ ተይዘው ነበር። አማርኛቸውም በብዙ ዓመት እንግድነት ደክሞ ነበር። ከዚያም በኋላ እንደ ገና ወደ አውሮጳ ሄደው የእርሻ ትምህርት ተማሩ። መድፈኛ ሆኖ የተመለሰ ሰው ማረሻን መምረጡ የሚያስደንቅ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ወደ ማረሻ ስለሚለወጥበት ዘመን ከተናገረው ትንቢት ጋር ሲታይ ደግሞ ለነፍስ ደስ ያሰኛል። አገር በጦር ትጠበቃለች፤ የምትኖረው ግን በእህል ነው።

የተማረ ሰው በዚያ ዘመን አቀባበሉ ቀላል አልነበረም። ከፈረንጅ አገር የመጣ ሁሉ ሃይማኖቱን ለውጦ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠር ነበር። ጥርጣሬው አንዳንድ ጊዜ ምክንያት ነበረው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከፍርሃትና ከቅንዓት የተወለደ ነበር። ከእኛ ከካህናቱ ወገንም ሳይመረምር የሚፈርድ አልጠፋም። ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ ተምሮ እንዳደገ፣ ዳንኤልም የከለዳውያንን ጽሕፈት እንዳጠና መጻሕፍት ያስተምሩናል። ሁለቱም የባዕድ ትምህርት አልጎዳቸውም፤ ማንነታቸውን የጠበቁት ለአምላካቸውና ለወገናቸው ስለ ቆሙ ነው። የተማረውን ሰው መመርመር የሚገባን የት እንደ ተማረ በመጠየቅ ሳይሆን በተማረው ምን እንደሚያደርግ በማየት ነው።

በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱ ተክለ ሐዋርያት ከሻሪዎቹ ወገን ቆሙ፤ በሰገሌም ዘመቱ። ጅጅጋንም ለጥቂት ጊዜ አስተዳደሩ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ ጽፈው በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት አሳዩ። ይህም በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ቴአትር ነው። እንስሳትንና አራዊትን እያናገሩ የመንግሥት ሥራ መበላሸቱን፣ ጉቦና ስንፍና መብዛቱን የሚነቅፍ ነበር። ነገሩ ግን መኳንንቱን አስቈጣ፤ በንግሥት ዘውዲቱም ዘመን ተከለከለ። ሆኖም በአራዊት ምሳሌ ማስተማር ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም። ከጽርዕ ወደ ግእዝ ከጥንት የተመለሰው ፊሳልጎስ የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እየተናገረ ነገረ ሃይማኖትን ያስተምራል። ቅኔያችንም በሰሙ ውስጥ ወርቁን ይሸሽጋል። የተክለ ሐዋርያት ጥፋት፣ ጥፋት ከተባለ፣ ወርቁን ያለ ሰም መግለጣቸው ነበር።

በ1910ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ተክለ ሐዋርያትን የጨርጨር ገዥ አድርገው ሾሟቸው። እዚህ ላይ የታሪኩ ማሰሪያ ይገኛል። አባትየው ራስ መኰንን ልጁን ወደ ሩቅ አገር ልከው ነበር፤ የትምህርቱን ፍሬ ሳያዩ ሞቱ። ልጅየው ተፈሪ ያን የተማረ ሰው ሥራ ሰጡት። የአውራጃው መቀመጫ ቀድሞ በቁኒ ደጋ ነበረ። ተክለ ሐዋርያት ግን ወደ ምድር ባቡሩ የሚቀርብ ስፍራ መርጠው አዲስ ከተማ ቆረቆሩ፤ ስምዋም በአልጋ ወራሹ ስም አሰበ ተፈሪ ተባለ። እኛ እንደምንረዳው ይህ ስም የተከፈለ ዕዳን ይመስላል። የመኰንን ቤት ያሳደገውና ያስተማረው ልጅ፣ ዐስቡን ለመኰንን ልጅ በከተማ ከፈለ።

ጨርጨር ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን ግዛት እንዲሆን ታስቦ ነበር። በዚያን ጊዜ በብዙ አገር ሹሙና ወታደሩ የሚኖረው ገበሬ ተቈጥሮ ተሰጥቶት ነበር። ገበሬው ከእህሉ ይሰጣል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ግቢ ያጥራል፤ ልኩም በሹሙ ጠባይ ይወሰናል። አዲሱ አሳብ ግብሩ በታወቀ ልክ እንዲሆን፣ ሹሙም ከገበሬው ጓዳ ሳይሆን በደመወዝ እንዲያድር፣ ዳኝነትም በደንብ እንዲሠራ ነበር። ይህ ለጆሮ የመንግሥት ወግ ብቻ ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን የወንጌል ጉዳይ ነው። ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ ማንንም እንዳይቀሙና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው መክሯቸዋል። ደመወዝ በግእዝ ዐስብ ነው ብለናል። የከተማዋ ስምና የአስተዳደሩ አሳብ በአንድ ቃል ሲገናኙ ማየት ያስደንቃል።

የከተማዋ የዕለት ኑሮም ሊታወቅ የሚገባው ነው። ጨርጨር የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው፤ ሕዝቡ በብዛት እስላም ነው። በከተማዋ ከሸዋ የመጣው ክርስቲያን፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴ፣ ከቆላ ግመሉን ጭኖ የሚወጣው አርብቶ አደር በአንድ ገበያ ተገናኙ። ከቁኒ፣ ከቦኬ፣ ከገለምሶና ከበዴሳ ገበሬው ቡናውን፣ ማሽላውንና በቆሎውን በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ ጨውና ሸማ፣ ስኳርና ላምባ ይዞ ይመለሳል። ቡናው በሐረር ቡና ስም በዓለም ገበያ የታወቀው ነው። በቤቱ ደጃፍ በእጅ እየመገበ ያሳደገው ሰንጋ የገበሬው ኵራት ነው። በጅቡቲ ተጀምሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በቆላው በሚኤሶና በአሰቦት ያልፍ ስለ ነበር፣ በሩሲያ ወንዙ ለከተማው የሚሆነውን በዚህ አገር ሐዲዱ ሆነ። ያ አሮጌ ባቡር ዛሬ በዚያ መስመር አይሄድም፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ የባቡር መስመር በሚኤሶ በኩል ያልፋል።

ጧት የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ጥሪ በአንድ ተራራ ሥር ይሰማሉ። በዚያች ከተማ የሚኖር ካህን የመጀመሪያው ትምህርቱ ከጎረቤቱ ጋር በሰላም መኖር ነው፤ የልቅሶና የሠርግ፣ የገበያና የውኃ ጉርብትና ከቃል ትምህርት ይቀድማልና። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው መልእክት፣ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለሚኖሩበትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዝዟቸው ነበር፤ የከተማው ሰላም የእነርሱም ሰላም ነውና። ለምርኮኛ እንዲህ የታዘዘ ከሆነ፣ በገዛ አገሩ ከወንድሙ ጋር ለሚኖር ክርስቲያን እንዴት አብልጦ አይገባውም?

ከተክለ ሐዋርያት በኋላ የጨርጨርን ግዛት ካስተዳደሩት አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እሳቸውም በሕፃንነታቸው በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች ተወስደው በህንድ አድገው ሐኪም ሆነው የተመለሱ ናቸው። እንግዲህ አንዱ ከመቅደላ፣ አንዱ ከዐድዋ በኋላ ወደ ባዕድ አገር የሄዱ ሁለት ልጆች በአንድ አውራጃ ላይ ተተካክተው ሠሩ። ዮሴፍ በባዕድ አገር ቆይቶ የተማረውን ጥበብ በራብ ዘመን ለወገኑ መዳኛ እንዳደረገው፣ እነዚህም የሄዱበትን መንገድ ሰው ቢመርጥላቸውም ፍሬውን ግን ለአገራቸው መለሱ።

ተክለ ሐዋርያት ከዚህ በኋላ በበጅሮንድነት የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ሕጉ 55 አንቀጽ ነበረው፤ የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ የተከተለ ነው። በልጅነታቸው ጃፓን ሩሲያን ስታሸንፍ የታየው ነገር በዚህ ወረቀት ላይ ፍሬ አፈራ ማለት ይቻላል። ሥልጣኑ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የቀረ ቢሆንም፣ የመንግሥት ሥራ በተጻፈ ሕግ ይመራል የሚለው አሳብ በአገራችን የተጀመረው በዚህ ነው። በእርግጥ ፍትሐ ነገሥት በቤተ ክርስቲያናችን ዘንድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ስለ ነበረ፣ ንጉሥ ከሕግ በታች ነው የሚለው ነገር ለሊቃውንቱ እንግዳ አልነበረም።

ቀጥሎ ወደ አውሮጳ በመልእክተኛነት ተላኩ። በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ሲነሣና ኢጣልያ ለወረራ ስትዘጋጅ፣ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን አቤቱታ ያቀርቡ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ቆመው ነበር። ሁለቱ የጨርጨር ገዥዎች በነበሩ ጊዜ በአንድ አውራጃ ስለ ገበሬው መብት የደከሙ ሰዎች፣ አሁን በዓለም ፊት ስለ አገራቸው መብት ደከሙ። ዓለም ግን ቃሉን ሰምቶ ዝም አለ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ውጭ በሄዱ ጊዜ፣ መሄዳቸውን ካልደገፉት መካከል አንዱ ነበሩ፤ በአገር ውስጥ ሆኖ በደፈጣ መዋጋት ይሻላል ባዮች ነበሩ። በዚህ ነገር ማን ትክክል ነበረ የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተዋለን። ነገር ግን አሳባቸውን በፊት ለፊት ስለ ተናገሩ ዋጋ ከፍለውበታል። ተሰደው ወጡ፤ በማዳጋስካር ደሴት ቆዩ። አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ እሳቸው ወዲያው አልተመለሱም፤ የስደታቸው ዘመን ሁሉ ወደ ሃያ ዓመት ይደርሳል። ያች ከተማ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ ወዳጅነቱ የቀዘቀዘው ጌታ ስም ተጠርቶባት ትኖር ነበር። ሰው ለሰው የከፈለው ዐስብ ይህን ያህል ነው፤ ወዳጅነት ያልፋል፤ ሹመት ይሻራል።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የኖሩት እንደ ገና በጨርጨር ነው። በሂርና በእርሻቸው ላይ ተቀመጡ። ሩሲያና ፈረንሳይን፣ እንግሊዝንና ጄኔቭን ያዩት ሽማግሌ የሕይወታቸውን ማታ ከገበሬው ጋር፣ ከቡናውና ከማሽላው መካከል አሳለፉ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት የጻፉት አርአያ የተባለው መጽሐፍም በውጭ አገር ተምሮ ተመልሶ በአገሩ መሬት ላይ የሚደክም ወጣት ታሪክ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የአባት ኑሮ በልጅ ብዕር የተተረከ ያህል ነው።

በመጨረሻም ብዙ ነገር ሲያልፍ አዩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የዘውዱ መንግሥት ወደቀ፤ የሕግ ጅማሬ አድርገው የጻፉትም ሆነ ከእሱ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ተሻረ። በ1969 ዓ.ም. ዘጠና ሁለት ዓመት ያህል ኖረው ዐረፉ። ጽፈው ያቆዩት የሕይወታቸው ታሪክ ከዕረፍታቸው በኋላ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ወጣ። ኋላም ከተማዋ የምትጠራበት የመንግሥት ስም ጭሮ ሆነ።

እንግዲህ የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ቴአትራቸው ተከለከለ። ሕገ መንግሥታቸው ተሻረ። በጄኔቭ ያሰሙት አቤቱታ አልተሰማም። ለከተማቸው የተሰጣት ስም ተለወጠ። በዓለም ሚዛን ለሚመዝን ሰው ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ ወደ ጭሮ የሚሄድ ሰው ምን ያያል? ገበያው ቆሟል፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ የታመመ ሐኪም ያገኛል፤ ካህኑ ይቀድሳል፤ የቁልቢ ተሳላሚ ያርፍባታል፤ ከቦኬ የመጣው ገበሬ ቡናውን ይሸጥባታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የመሥራቹን ስም አያውቁም። ዕውቀት እውነተኛ ቦታውን አገኘ የሚባለው ግን እንዲህ ሲሆን ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው የሚጠለልበት ጥላ ሲሆን ያን ጊዜ ዛፉ ጸድቋል።

ስማቸው ራሱ ይህን ይናገራል። ተክለ ሐዋርያት ማለት የሐዋርያት ተክል ማለት ነው። ተክል ከተነቀለበት ወደ ሌላ ምድር ተወስዶ ሊያድግ ይችላል፤ ፍሬውን ግን የሚበላው በመጨረሻ የተተከለበት አገር ሰው ነው። ልጆቻችሁን ወደ ሩቅ ትምህርት ስትልኩ ሃይማኖታቸውን ብቻ ሳይሆን መመለሻቸውንም አስቡላቸው። የተማሩት ሲመለሱም በጥርጣሬ ሳይሆን በሥራ ተቀበሏቸው። አንድ መክሊት የተቀበለው ባሪያ የተወቀሰው መክሊቱን በመቅበሩ ነው። እኛም በፍርሃት ወይም በቅንዓት የወንድማችንን መክሊት ብንቀብርበት ከዚያ ባሪያ ወቀሳ አንድንም።

ለካህናት ደግሞ የተለየ ነገር እንጨምራለን። በየገጠሩ በየወረዳው ተሾማችሁ የምትኖሩ ወንድሞች፣ ደብራችሁ ትንሽ ነው ብላችሁ አትዘኑ። በትልቅ ከተማ የተማረ ሰው ለትንሽ ስፍራ መድከሙ ትምህርቱን አያሳንሰውም፤ ያጸድቀዋል እንጂ። ጌታ ራሱ ያደገው በናዝሬት ነው። የሠራተኛውን ዋጋ ማታ የሚከፍለው የወይኑ ቦታ ባለቤት፣ ስማችን በድንጋይ ተጽፎ እንደ ሆነ አይጠይቀንም፤ የተሰጠንን ቦታ አልምተን እንደ ሆነ ይጠይቀናል እንጂ። ሰው የሚሰጠው ዐስብ በሰው ዕድሜ ያልቃል። ከእግዚአብሔር የሚገኘው ዐስብ ግን አይጐድልም።

የደከሙትን አባቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ለእኛም የተሰጠንን ምድር በፍቅርና በሰላም እንድናለማ ኃይሉን ይስጠን። ለዘለዓለሙ አሜን።